«ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚላችሁ ገንዘብ አትስጡ

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ በሽተኛ ይዞ ጎንደር የሚገባ ሰው ፒያሳ ላይ ሲወርድ ከሩቅ ይታወቃል። ጋቢውን በበሽተኛው ላይ ደርቧል፣ የጤና ጣቢያውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል፣ ወዴት እንደሚዞር ግራ ገብቶታል። ሐኪም ሳያየው በፊት የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ ደላላው። «አባቴ፣ ከየት ነው የመጡት? ልጅዎ ናት? እግዜር ይማርልዎት። የዛሬው ወረፋ እንኳ የሚቻል አይደለም፤ ግን አይጨነቁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ።»

ይህ ማሳሰቢያ ለዚያች ሰዓት የተጻፈ ነው። የጤና መድን ደብተር የሌለው ወይም ያላሳደሰ ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያጣው በሆስፒታል ሒሳብ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ከሒሳቡ በፊት በድንጋጤ የሚወጣ ገንዘብ አለ፤ በነጻ ለሚገኝ ነገር፣ በሕግ ሌላ ሰው ሊከፍለው ለሚገባ ነገር፣ ወይም ጭራሽ ለሌለ ነገር። ደላላው የሚኖረው በእሱ ነው።

የሚሸጠውን እንይ። ወረፋ ይሸጣል። ካርድ የሚወጣው በካርድ ክፍል መስኮት ነው፤ ክፍያ ካለው ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ሁሉ የደላላው ኪስ ነው። አልጋ ይሸጣል። በመንግሥት ሆስፒታል አልጋ የሚደለድለውና ከሌላ ተቋም ሪፈር የተጻፈለትን ታካሚ የሚቀበለው የላይዘን ክፍል ነው፤ ጥበቃውን «ላይዘን የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት በነጻ ያሳያችኋል። ደም እናገኝልሃለን የሚሉም አሉ። ደም በአገራችን ለጋሽ በነጻ የሚሰጠው፣ ደም ባንክ ለሆስፒታል የሚያከፋፍለው እንጂ ገበያ የሚወጣ ነገር አይደለም። ቤተሰብ እንዲለግስ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ደም አለኝ ብሎ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ግን ሌባ ነው። ከሁሉ የሚከፋው «ነጻ ወረቀት» የሚሸጠው ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ድንገተኛ ሕመም። ደም የሚፈሰው፣ ራሱን የሳተ፣ መተንፈስ ያቃተው፣ ምጥ የጠናባት ሰው ገንዘብ የለውም ተብሎ ከበር አይመለስም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንድ የጤና ባለሙያ ብርቱ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ አገልግሎት መንፈጉን በወንጀል የሚያስጠይቅ አድርጎታል። በግል ተቋም ደጃፍ ላይ «መጀመሪያ አስይዙ» ስትባሉ ይህን በትሕትና አንሱት። ብዙ አስታማሚ ስለማያውቀው ዝም ብሎ ባጃጅ ያዞራል፤ በሽተኛው ደግሞ በባጃጅ ውስጥ ይደክማል። ሒሳቡ ከነጭራሹ ይቀራል ማለቴ አይደለም። ሕክምናው ይቀድማል፣ ሒሳቡ ይከተላል ነው የምለው።

ቀጥሎ ጭራሽ የማያስከፍል ሕክምና አለ። ከ1990 የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ወዲህ በመንግሥት ጤና ተቋማት ድሃ ሀብታም ሳይባል በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች ተለይተው ታውቀዋል፤ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ፣ የኤችአይቪ ሕክምና፣ ፊስቱላ። ፊስቱላ ያለባት እናት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ማዕከል ስትሄድ ለቀዶ ሕክምናው አትከፍልም። ለእኛ ደገኞች በተለይ ካላ አዛር የተባለውን የሊሽማንያሲስ በሽታ ላንሳ። ከወገራና ከጃናሞራ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ጎረምሳ ትኩሳቱ አልለቅ፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ ሲመለስ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ከግል ክሊኒክ ወደ ግል ክሊኒክ ያንከራትተዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የሊሽማንያሲስ ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ለዓይን ሞራ ግርዶሽ ደግሞ በየጊዜው የነጻ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ይደረጋል፤ ለዘመቻው «መመዝገቢያ» ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ካጋጠማችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዋናው ሕክምና ነጻ ሆኖ ከጎኑ የሚታዘዝ ራጅ ወይም ተጨማሪ ምርመራ ሊያስከፍል ይችላል፤ «ነጻ ነው ተብዬ አስከፈሉኝ» ብሎ ከመጣላት የትኛው ነጻ፣ የትኛው የሚከፈልበት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ነጻ ወረቀቱ። በገጠርም በከተማም «የድሃ ድሃ» እየተባለ የሚለየው ሰው መክፈል ስለማይችል ወጪው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ከጥንትም ነበረ፤ የጤና መድን ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የእነዚህን ሰዎች መዋጮ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉላቸውና እንደ ማንኛውም አባል ደብተር ይይዛሉ። የሚለየው ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ነው። ስለዚህ ፒያሳ ላይ በካፌ በረንዳ ማንም ሊጽፈው የሚችል ወረቀት አይደለም። ቲተር የተመታበት፣ ፊርማ የተጫረበት ወረቀት ገዝታችሁ ብትቀርቡ ሒሳብ ክፍሉ ወደ ወረዳው ሲደውል ይጋለጣል፤ ያን ጊዜ ደላላው የለም፣ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረባችሁት እናንተ ናችሁ።

እውነተኛው የቀበሌ ደብዳቤም ቢሆን ብዙ ሰው ያሳዝናል። በእጄ የገቡ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ይጀምራሉ፣ ግለሰቡ የቀበሌው ነዋሪና ችግረኛ መሆኑን ይገልጻሉ፣ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ብለው ይጨርሳሉ። ክብ ማኅተም አላቸው፣ ቁጥርና ቀን አላቸው። ገንዘብ የሚከፍል አካል ግን የላቸውም። ሆስፒታሉ ያከመበትን ገንዘብ ከሆነ ቦታ መጠየቅ አለበት፤ የትብብር ደብዳቤ የማንንም በጀት አያስነካም። ቀበሌ ስትሄዱ ደብዳቤው ለየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ወረዳ ማን እንደሆነ በግልጽ እንዲጻፍ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም እንዲያረጋግጠው ጠይቁ። ይህን ከደባርቅ ሳይወጡ ማስጨረስ ይሻላል። በሽተኛ አልጋ ላይ አስተኝቶ ለአንድ መስመር ጽሑፍ መቶ ኪሎ ሜትር መመለስ፣ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን፣ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

መኪና ከገጨው ወይም ሥራ ላይ ከተጎዳ ሒሳቡ መጀመሪያውኑ የእናንተ ላይሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ባጃጅም ቢሆን። የተጎዳ ሰው በሕጉ በተወሰነው ጣሪያ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ከሆነም ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ለዚህ ሁሉ መነሻው የሰሌዳ ቁጥርና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነው። እዚህ ላይ ነው ደግነታችን የሚጎዳን። አገራችን ሽማግሌ አለው፤ አደጋው በደረሰ በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ልጁ ሆን ብሎ አልገጨው፣ ለማስታመሚያ ይህን ያህል ይስጥና በይቅርታ ይለቅ» ይላሉ፣ የበሽተኛው አባት አሻራውን ያሳርፋል። ከሳምንት በኋላ የጭኑ አጥንት ብረት ይፈልጋል ሲባል ወረቀቱ «ጉዳዬን ጨርሻለሁ» ይላል። እርቁ ይሁን፤ እርቅን የሚጠላ የለም። ሐኪም የጉዳቱን ልክ ሳይጽፍ ግን ምንም አትፈርሙ፣ ፖሊስ ሳያውቀውም አትጨርሱ።

የግንባታ ቀን ሠራተኞችም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱንና የሆስፒታሉን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ከመወጣጫ የወደቀውን ልጅ ፎርማኑ ባጃጅ ላይ ጭኖ «እቤት ነው የወደቀው በል» ሲለው ለምን እንደሚለው አሁን ገብቷችኋል። ካርድ ሲወጣ የጉዳቱ ምክንያት በትክክል ይጻፍ።

ደብተሩን በተመለከተ ብዙ የተነገረ ስለሆነ አልደግመውም፤ የሚያሳስበኝን ብቻ ልናገር። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከእኛ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ጎረቤታችን ፎገራ ቀድሞ የለመደውን አሠራር እኛ ዘንድ ዛሬም ታሞ የሚመዘገብበት ነገር አድርገን የምናየው ብዙ ነን። ምዝገባና እድሳት የራሱ ወቅት አለው፣ በአብዛኛው ምርት ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወቅት ውጭ በሽተኛ ተሸክሞ «አሁን ልክፈል» ቢሉ ደብተሩ ለዛሬው ሒሳብ አይደርስም። «ባለፈው ዓመት ከፍዬ አልታመምኩም፣ ገንዘቤ ቀረ» ብሎ የተወው አባወራ ነው በብዛት ሆስፒታል ደጃፍ ላይ የማገኘው። ደብተር ያላችሁም ቢሆን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ካልመጣችሁ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ጎንደር ያለው ሆስፒታል እንደ መድን ታካሚ ላያስተናግዳችሁ ይችላል። መድኃኒት ጠፍቶ ከውጭ ግዙ ስትባሉ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ወይም ፊርማ አስደርጉ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ፤ ወረዳው ላይ ገንዘባችሁን ለመጠየቅ ሌላ ማስረጃ የላችሁም።

ደብተር የማይመለከታቸውም አሉ። ደሞዝተኛው ማለቴ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲወጣ ሠራተኛው ከደሞዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እያዋጡ እንዲታከም ነበር የታሰበው፤ ተግባራዊነቱ ግን ለዓመታት ሲንከባለል ኖሯል። እናም የገጠሩ ገበሬ ባለደብተር ሆኖ መምህሩ ዕዳ የሚገባበት ጊዜ አለ። ያገሬ መምህራን «ደሞዝ አለህ» ተብለው ነጻ ወረቀት አይሰጣቸውም፣ መድንም የላቸውም። እነሱን የማሳስበው መሥሪያ ቤታቸው ከሆስፒታል ጋር የብድር ሕክምና ውል እንዳለው ዛሬውኑ፣ ጤነኛ ሳሉ፣ እንዲጠይቁ ነው።

ስለ ብድር አንድ ሁለት ነገር። በወር አሥር በመቶ አራጣ የተበደረ ሰው ዓመት ሲሞላ ወለዱ ብቻ ከተበደረው ይበልጣል። አራጣ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ግን ሕግ አይታየውም። መሬቱን በወለድ አገድ የሰጠም አለ፤ አበዳሪው ዕዳው እስኪመለስ መሬቱን እያረሰ ይበላል፣ ባለመሬቱ ገበሬ የራሱን ማሳ እያየ የሰው ሞፈር ይዞ ይውላል፣ ማሳ የሌለው ገበሬ ደግሞ ዕዳውን የሚመልስበት ምርት ከየት ያመጣል? ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የሚጠበቅባችሁን ሒሳብ በዝርዝር አስጽፉ፤ አልጋው ስንት፣ መድኃኒቱ ስንት፣ ቀዶ ሕክምናው ስንት። «ብዙ ነው አሉ» በሚል ወሬ በሬ የሸጠ ሰው ሒሳቡን ሲያይ ሁለት ፍየል ይበቃው እንደነበር ይረዳል። ዕድሮቻችንም ለቀብር ያስቀመጡትን በከፊል ለታመመ አባል እንዲያበድሩ ደንባቸውን ቢያሻሽሉ ማንም አይከለክላቸውም፤ እንዲያውም ቀባሪውን ይቀንሱ ነበር።

አሁን ደግሞ ለሰጪዎች። ፒያሳ ላይ የበሽተኛ ፎቶ በባነር ለጥፎ፣ በሞንታርቦ ለቅሶ መሳይ ዜማ እያሰማ የሚዞር መኪና የማያውቅ የለም። አብዛኞቹ እውነተኛ ናቸው፤ ልጅ ያላቸው፣ ኩላሊት የደከመባቸው፣ የሚሄዱበት ያጡ። ጥቂቶቹ ግን የሌላ ሰው ፎቶና የተቀየረ የሐኪም ወረቀት ይዘው ነው፤ በእነሱ ምክንያት እውነተኛው በሽተኛ «ይህም ሌባ ይሆናል» እየተባለ ይታለፋል። ከሁሉ የሚሻለው ገንዘቡን በበሽተኛው የካርድ ቁጥር በቀጥታ ለሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል መክፈል ነው። በባንክ ከሰጣችሁ የሒሳቡ ስም ከበሽተኛው ወይም ከአሳዳጊው ስም ጋር ይግጠም። ባነሩ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ሲላክ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ስም ሌላ ከሆነ ተዉት።

በፌስቡክና በቲክቶክ እርዳታ የምትጠይቁ በሽተኞች የምትለጥፉትን ተጠንቀቁ። ሙሉ የሕክምና ማስረጃችሁን፣ መታወቂያችሁንና ስልካችሁን በአንድ ላይ ካወጣችሁ ሌባ ፎቶውን ወስዶ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ይቀይርና በስማችሁ ይለምናል። ከዚያ ደግሞ ስልኩ ይደወላል። «ከውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ተልኮልዎታል፣ ማስለቀቂያ ይክፈሉ» ይላል፣ ወይም «በቴሌብር ልናስገባልዎ ነው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን»። ገንዘብ የሚሰጣችሁ ሰው የምሥጢር ቁጥራችሁ አያስፈልገውም። አሜሪካና ካናዳ ያሉ የጎንደር ልጆች በጎፈንድሚ ብዙ ሰው አሳክመዋል፤ ነገር ግን ጎፈንድሚ ገንዘቡን ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ስለማያስገባ ዘመቻውን የሚከፍተውም ገንዘቡን የሚቀበለውም ውጭ ያለ ሰው ነው። ያ ሰው የምታውቁት ዘመድ ይሁን፤ እዚህ ደግሞ አንድ የንስሐ አባት ወይም የዕድር ዳኛ የገባውንና የወጣውን እንዲያውቅ አድርጉ። ብር ሲበዛ ወንድማማቾችም ይጣላሉና።

የልብ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ሕፃን ያላችሁ፣ ለውጭ ሕክምና መለመን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስለ አዲስ አበባው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ጠይቁ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ይህ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ሕፃናትን በነጻ ያክማል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሪፈሩ ቶሎ ይጻፍ። እግሩ ቆልመም ያለ ልጅ ያለው ሰው ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ ያለውን የኪዩር ሆስፒታል ያስጠይቅ። ካንሰር ይዟቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ማደሪያ ካጡ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ያነጋግሩ፤ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ አባት የመሠረቱት ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ስታነቡ አልጋ ላይ በሽተኛ ያላችሁና ሒሳቡ የከበዳችሁ። የመውጫው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በገባችሁ በማግስቱ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ጠይቃችሁ አነጋግሩ፣ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ አሳዩ፣ ዋስ አቅርባችሁ በጊዜ ለመክፈል እንደምትችሉ ጠይቁ። ሌሊት ጠፍቶ መውጣትን የሚመክር የጎረቤት አልጋ ሰው አይጠፋም። የወጣ ሰው ግን ክትትሉን ይተዋል፤ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ቁስሉ ሲመረቅዝ ከመጀመሪያው የበለጠ ሒሳብ ይዞ ወደዚያው ይመለሳል። ስፌቱ የሚፈታበት ቀን ካርዳችሁ ላይ ተጽፏል። ሒሳቡ ባያልቅም በዚያ ቀን ተመለሱ።